የጭንቅላትና አንገት ካንሰር በአፍሪካ፦ ልናርማቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የጭንቅላትና አንገት ካንሰር» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት አንጎል ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። የአንጎል ዕጢ ለብቻው ይቆጠራል። እዚህ የምናወራው የአንገት በላይ ሐኪም ስለሚያያቸው ነው፦ አፍ፣ ምላስ፣ ጉሮሮ፣ የድምፅ ሳጥን፣ አፍንጫና ከጀርባው ያለው ክፍል፣ የምራቅ ዕጢዎች።

«እኛ ጋ ብዙም የለም» የሚለው ሁለተኛው ነው፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ያልተመረመረ ሰው አይመዘገብም። ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ውሃ መዋጥ አቅቶት ገጠር ቤቱ ያረፈ ገበሬ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የሚመዘግበውም የከተማዋን ነዋሪ ነው። ተቃራኒውም ያሳስታል። አንድ ሆስፒታል አዲስ የአንገት በላይ ክፍል ሲከፍት የታካሚው ቁጥር ይጨምራል። በሽታው ግን ጨመረ ማለት አይደለም። ታማሚው መሄጃ አገኘ ማለት ነው።

ዕድሜን መርሳትም አለ። ሁለት ከተሞች እናስብ፤ እያንዳንዳቸው 100,000 ሰው አላቸው። አንዱ ጋ 5,000 አዛውንት፣ ሌላው ጋ 25,000 አሉ። በሁለቱም ከ1,000 አዛውንት አንዱ ይታመማል እንበል። በአንዱ 5፣ በሌላው 25 ታማሚ ይገኛል። አደጋው እኩል ሆኖ ሳለ ቁጥሩ አምስት እጥፍ ይለያያል። የአፍሪካ ሕዝብ ወጣት ስለሆነ፣ ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር በዕድሜ የተስተካከለውን ቁጥር፣ ማለትም የሁለቱ ሕዝብ የዕድሜ ስብጥር አንድ ዓይነት ቢሆን የሚገኘውን፣ ማየት ግድ ነው።

አፍሪካን እንደ አንድ አገር ማየት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ሱዳን ውስጥ ቶምባክ አለ። የተብላላ ትምባሆ ተፈጭቶ ከሶዳ ጋር ይለወስና በጣት ይድቦለቦላል። ከዚያ በከንፈርና በድድ መሃል ይወተፋል። ካንሰር አምጪ የሆኑት ናይትሮሳሚኖች በውስጡ እጅግ ብዙ ናቸው። ዕጢውም ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ያው ቶምባኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። «እኔ ሲጋራ አላጨስም፣ ሱረት ብቻ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ጭስ ስለሌለው ትምባሆ መሆኑ አልቀረም።

ወደ ቱኒዚያ፣ አልጄሪያና ሞሮኮ ስንሄድ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳው ካንሰር ከሌሎች ብዙ አገሮች ይበልጥ ይታያል። ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። አዋቂዎችን ብቻ ሳይሆን በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችንም ይይዛል። «ካንሰር የሽማግሌ በሽታ ነው» ብሎ የደመደመ ሐኪም እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣለት ሊያልፈው ይችላል። ይኸው ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የተገኘውም የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት ኡጋንዳ ውስጥ መንጋጋቸው ባበጠ ሕፃናት ላይ ከገለጸው ዕጢ ነው።

የአሜሪካንና የአውሮፓን ታሪክ እንዳለ መቅዳትም አያዋጣም። እዚያ ከቶንሲልና ከምላስ ሥር ካንሰር ብዙው የማህፀን በር ካንሰርንም በሚያመጣው በኤችፒቪ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ከሰሃራ በታች በተደረጉ በርካታ ጥናቶች ግን ድርሻው አነስ ብሎ ታይቷል።

ስለ ጫትም መቸኮል ጥሩ አይደለም። ቃሚው ብዙ ጊዜ ያጨሳል፣ ማታም ለምርቃና መስበሪያ ይጠጣል። ትምባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው ይባዛል። እነሱን ሳይለይ ሁሉንም በጫት የሚያሳብብ ጥናት ዋናውን ጥፋተኛ ይሸፍናል።

የመጨረሻው በየቤታችን ያለ ነው። አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ «ንቅርሳ ነው» ይባላል። የዕጢ ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ስለሆነ ግምቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ችግሩ ናሙና ሳይወሰድ የስድስት ወር መድኃኒት ሲጀመር ነው። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳ ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው አንገት ላይ በሚወጣ ሕመም የሌለው እብጠት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት «በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይታይልኝ» በሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ወይም የጎረነነ ድምፅ ካለም የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።