የጣሊያን ክፍለ ጦር ታሪክ መከታተል ከፈለጋችሁ ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን ያዙ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 6 ቀን 1935 አድዋን የያዘው የጣሊያን ጦር ጋቪናና የተባለው እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር። (በእኛ ካላልኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ የት ደረሰ ብላችሁ ስትፈልጉ ግን 1939 ላይ ዱካው ድንገት ይጠፋባችኋል። ክፍለ ጦሩ አልፈረሰም፤ ስሙ ነው የተቀየረው። እኔም መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው የተደናቀፍኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ በክፍለ ጦሩ ሥር ያሉትን ሬጅመንቶች (ከክፍለ ጦር ያነሱ የጦር ክፍሎች) ቁጥር ፈልጉ። የጣሊያን እግረኛ ጦር ከድሮ ጀምሮ የቆመው በብርጌድ ነው፤ አንድ ብርጌድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሬጅመንቶች ነበሩት። 83ኛውና 84ኛው የቬኔዚያ ብርጌድ ናቸው። በ1926 አደረጃጀቱ ተቀየረና በአንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ሦስት ሬጅመንት እንዲኖር ተደረገ፤ ጋቪናና ወደ እኛ አገር የመጣው በዚህ ቅርጽ ነው፤ ሦስተኛው ሬጅመንት 70ኛው ነበር። ከዚያ የጣሊያን ጦር ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፓሪያኒ በ1938 የጀመረው ማሻሻያ ክፍለ ጦሮቹን ወደ ሁለት ሬጅመንት መለሳቸው። በወረቀት ላይ የክፍለ ጦሮቹ ብዛት ጨመረ፣ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን ሳሳ። 70ኛው ወጣ፣ 83ኛውና 84ኛው ቀሩ፣ ጋቪናናም 19ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ቬኔዚያ ተባለ።

ስሙ ስለ ወታደሮቹ ትውልድ ብዙ አይነግራችሁም። ቬኔዚያ ሲባል ወታደሮቹ ከቬኒስ የመጡ እንዳይመስላችሁ፤ የክፍለ ጦሩ መቀመጫ ፍሎረንስ ነበር። ጋቪናና ደግሞ በ1530 ውጊያ የተካሄደባት የቶስካና መንደር ናት።

የጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ፣ ማለትም የፋሺስት ሚሊሻዎቹ፣ ስም ከዚህ ይብሳል። ክፍለ ጦሮቻቸው የሚጠሩት በቀን ነው፦ ጥቅምት 28፣ ሚያዝያ 21፣ መጋቢት 23፣ ጥር 3። እነዚህ ለፋሺስቶቹ ትርጉም ያላቸው ቀኖች ናቸው፤ ለምሳሌ ጥቅምት 28 በ1922 ወደ ሮም የተመሙበት ነው። ስማቸው ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሩት።

የውጊያ ቀን ግን መቀየር አለበት፣ ያውም በጥንቃቄ። አድዋ የተያዘችው በእኛ መስከረም 25 ቀን 1928 ነው፤ የወሩን ስም ብቻ አይቶ ጥቅምት 6 ብሎ የሚጽፍ ሰው አሥራ አንድ ቀን ይስታል።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1943 ላይ ቁሙ፤ በእኛ ጳጉሜ 3 ቀን 1935 ነው። ያን ቀን ጣሊያን ስትወጋቸው ከነበሩት ከእነ እንግሊዝና አሜሪካ ጋር ጦርነት ማቆሟ ታወጀ። የየትኛውንም ክፍለ ጦር ታሪክ ስታነቡ ያን ሳምንት የት ነበር፣ ማን አዘዘው፣ ምን ወሰነ ብላችሁ ጠይቁ። በግሪክ ኬፋሎኒያ ደሴት የነበረው አኲ ክፍለ ጦር ጀርመኖችን ተዋጋ፤ እጁን ከሰጠ በኋላም ጀርመኖቹ ብዙዎቹን ረሸኗቸው። ቬኔዚያ ግን ያኔ ሞንቴኔግሮ ነበር፣ በግሪክ ዘመቻ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። አዛዡ ጄኔራል ኦክሲሊያ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሲያሳድዷቸው ከነበሩት ከዩጎዝላቭ ፓርቲዛኖች (የደፈጣ ተዋጊዎች) ጋር ተሰለፉ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 ፕሌቭሊያ ከተማ ላይ ከአልፒኒ ተራራ ተዋጊው ከታውሪኔንሴ ክፍለ ጦር ጋር ተዋህደው ጋሪባልዲ የሚባል የፓርቲዛን ክፍለ ጦር ሆኑ፣ ጀርመኖችንም እስከ መጋቢት 1945 ድረስ ተዋጉ። አድዋን ከያዘው ክፍለ ጦር የወጡ ሁለት ሬጅመንቶች ከስምንት ዓመት በኋላ ከወራሪ ጋር የሚፋለም ሕዝብ ጎን መሰለፋቸው ሁሌም ይገርመኛል። ግን እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሬጅመንቱ አንድ ቢሆንም በ1935 የነበረው ወታደርና በ1943 የነበረው አብዛኛው የተለያየ ሰው ነው። በብሔራዊ ውትድርና የሚሰበሰብ ጦር በየዓመቱ ይቀያየራል። የ1935ቱን ሥራ ለ1943ቱ ልጅ፣ የዚህንም ለዚያኛው አትስጡ።

ፎቶ ካላችሁ አንገትጌውን እዩ። የአንድ ብርጌድ ሁለት ሬጅመንቶች አንገትጌያቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ያደርጋሉ፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ እንኳ ጨርቁ ላይ ያለው ሰንበር (መስመር) አቅጣጫ ይለያል። ባርኔጣው ላይ ያለው አርማ መሀል የሬጅመንቱ ቁጥር ሊነበብ ይችላል።

ከዚያ በላይ ጠልቆ መግባት ለሚፈልግ ሮም ውስጥ የጣሊያን ጦር ኤታማዦር ሹም የታሪክ ቢሮ አለ፤ የየክፍሉ የጦር ውሎ መዝገብ እዚያ ይገኛል። የአንድ ወታደር የግል ማኅደር ግን ብዙውን ጊዜ በተወለደበት አካባቢ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ነው ያለው፤ ፎሊዮ ማትሪኮላሬ ይሉታል። ስትጠይቁ የክፍለ ጦሩን ስም ብቻ አትጻፉ፤ የሬጅመንቱን ቁጥር፣ ቦታውንና ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጨምሩ።