ለጅማ ወንዞች ተፋሰስ ገንዘብ ስናሰባስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ ላይ በግልገል ጊቤ ድልድይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው የሚወርደው አፈር እንጂ ውሃ አይመስለውም። ቀይ ነው፤ ወፍራም ነው። ያ አፈር ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከዴዶ፣ ከቀርሳ፣ ከኦሞ ናዳ ገበሬ ማሳ ላይ የተነሣ ነው፤ ማረፊያውም ግድብ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእርሱ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ ጊቤ ሁለት ላይ ሌላ 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ከዚያም ኦሞ ወንዝ ገብቶ 1,870 ሜጋ ዋት ወዳለው ጊቤ ሦስት ይወርዳል። አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ተርባይን ያዞራል ማለት ነው። ኦሞ ናዳ ላይ አንድ ቦረቦር ሳይደፈን ሲቀር ሦስት ጣቢያ ባለዕዳ ይሆናል።

ኢንዱስትሪውም መንግሥትም ለላይኛው ተፋሰስ አብረው ገንዘብ ያዋጡ የሚለው ሐሳብ በጅማ አዲስ አይደለም። እኔም በዚህ ጉዳይ በተሰበሰቡ ጥቂት ኮሚቴዎች ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሥራው የሚሰናከልበት ቦታ ግን ደጋግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ ገንዘቡን እንደ ምጽዋት እንለምነዋለን፣ እንደ ምጽዋትም እናወጣዋለን። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚወለዱ ናቸው።

በዞን ካርታ መሥራት

ውሃ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። የጅማ ዞን ቡና የሚበቅልበት መሬት ሁሉ ወደ ጊቤ አይፈስም። አጋሮን የያዘው የጎማ ወረዳ ውሃ ወደ ዴዴሳ ወርዶ ዓባይ ይገባል፤ የሰቃና የቀርሳ ውሃ ደግሞ በግልገል ጊቤ በኩል ኦሞ ገብቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። «የዞናችን ተፋሰስ ፈንድ» ብሎ አንድ ሣጥን ማቆም ለስብሰባ ያመቻል። የጎማው ቡና አጣቢ ግን የጊቤ ግድብ ደለል ለምን የእርሱ ዕዳ እንደሚሆን ቢጠይቅ የሚመልስለት አይኖርም፤ እውነቱንም ነው። ካርታውን በውሃ መክፈያው፣ ማለትም ዝናቡ ወደ ሁለት ወገን በሚከፈልበት የኮረብታ ጫፍ፣ መሥራት ነው። ከእርሱ ላይ ንዑስ ተፋሰሶቹን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ከታች ያለውን ተጠቃሚ መጻፍ ይገባል። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ሲዘለል ግን ለዓመታት ያጨቃጭቃል።

ከወንዙ ዳር መጀመር

አዌቱ ጅማን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ዳርቻው ሲጸዳ፣ ድንጋይ ሲነጠፍ፣ ዛፍ ሲተከል ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ተራቁቶ እያለ ዳርቻውን ማስዋብ ጣሪያው የሚያፈሰውን ቤት ወለል እንደ መወልወል ነው። ኩባንያዎች በከተማው ውስጥ ያለውን ክፍል ይመርጣሉ፤ ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ እዚያ ይታያልና። ስለዚህ ስምምነቱ ሲፈረም ከሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ ላይኛው ተዳፋት እንደሚሄድ አስቀድሞ በጽሑፍ መታሰር አለበት።

ስለ አዌቱ ካነሣሁ ቦዬን ማለፍ አልችልም። አዌቱ ከከተማው ወጥቶ የሚያርፍበት ረግረግ ነው። ረግረግ ደለልን ያስቀራል፣ የቆሸሸን ውሃ ያጣራል፣ ጎርፍን ያበርዳል፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው ማንም ሳይከፍለው ነው። እኛ ግን ሸክላ እናወጣበታለን፣ ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን፣ እናርሰዋለን። የኦሮሚያ ምክር ቤት «ጨፌ» የተባለው እኮ አባቶች ለጉባኤ ይቀመጡበት ከነበረው እርጥብ መስክ ስም ተወስዶ ነው! ፈንድ ሲቋቋም ችግኝ ተከላ ሁልጊዜ በጀት ይያዝለታል፤ ረግረግ መጠበቅ ግን ብዙውን ጊዜ መስመር እንኳ አያገኝም። ከሁለቱ የትኛው በርካሽ ብዙ ውሃ እንደሚያጣራ ለማስላት ግን ብዙ ብር አይጠይቅም።

ኩባንያውን «እርዱን» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ደብዳቤ ይጻፋል፤ «ማኅበራዊ ኃላፊነትዎን እንዲወጡ» ይባላል። ሥራ አስኪያጁ ከቻለ አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ለማኝ ሲመጣ ደግሞ ለእርሱ ይሰጣል። ችሮታ ስለሆነ ነው የሚቋረጠው።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ይህ ድርጅት ወንዙ ሲበላሽ በብር ምን ያጣል? የኃይል አመንጪው ደለል በሞላ ቁጥር ውሃ የሚይዝበት ቦታ ይጠብበታል። ከወንዝ ጠልፎ የሚያጣራ የከተማ ውሃ አገልግሎት ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ድፍርሱን ለሚያዘቅጠው ኬሚካል፣ ለአልሙም፣ የሚያወጣው ይጨምራል፤ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ማጠብ ግድ ይለዋል። ቡና አጣቢው በኅዳር ወንዙ ሲቀንስ ሥራው ይስተጓጎላል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ያለ አስተማማኝ ውሃ ባለሀብት አያቆይም። እነዚህን ኪሳራዎች ከራሳቸው መዝገብ አውጥቶ በአንድ ገጽ ማስቀመጥ ከመቶ የልመና ደብዳቤ ይበልጣል። ያን ጊዜ ንግግሩ ስለ ግዢ ይሆናል፦ «ይህን ያህል ደለል እንዳይመጣ ይህን ያህል ይክፈሉ።»

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የላይኛው ጣና–ናይሮቢ የውሃ ፈንድ የናይሮቢን ውሃ ድርጅት፣ ኃይል አመንጪውን ኬንጄንን፣ መጠጥ አምራቾችንና ሌሎችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጧል። ገንዘቡ የሚሄደው በጣና ወንዝ ራስጌ ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች ነው፤ እርከን ይሠሩበታል፣ ሣር ይተክሉበታል፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ይቆፍሩበታል። ጣና የናይሮቢ ውሃም የኬንያ ኤሌክትሪክም ምንጭ ስለሆነ ከታች ያሉት ምን እየገዙ እንደሆነ አልጠፋቸውም። ግልገል ጊቤም ከዚህ የሚለይ አይደለም።

የበካይን ግዴታ መዋጮ ብሎ መቀበል

ይህን ስጽፍ ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን መባል አለበት።

ከእሸት ቡና ክብደት 40 በመቶ ገደማ ልጣጭ ነው። እጠባው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ይህ ደግሞ ዝናቡ የሚያባራበት፣ ወንዙ የሚሳሳበት ጊዜ ነው። ስኳር ያለበት ልጣጭና ዝልግልጉ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የሚያብላሉት ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ያልቃል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ከታች ያለውን ሰፈር ሽታው ያስቸግረዋል፤ ከብቱም አልጠጣም ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያንኑ ውሃ ያጠቆረ ጣቢያ በሐምሌ አምስት ሺህ ችግኝ «ለተፋሰሱ አበረከተ» ተብሎ ሲጨበጨብለትም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከንፈሬን ነክሼ ማጨብጨቤን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ፍሳሽን ወደ ወንዝ እንዲሁ መልቀቅን ይከለክላል። ስለዚህ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፍሳሽን ማጣራት፣ ልጣጩን ማብላላት መዋጮ አይደለም፤ ሕግ ማክበር ነው። የፈንዱ ደንብ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህን ይበል፦ የራሱን ፍሳሽ ያልያዘ ድርጅት ገንዘብ ሊያዋጣ ይችላል፣ በአጋርነት ስሙ ግን አይመዘገብም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ውሃ ቆጣቢ የመፈልፈያ ማሽኖች በጅማ ዙሪያ በሚገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሠሩ ታይተዋል። ልጣጩ ከእበት ጋር ተብላልቶ ወደ ቡናው እግር ይመለሳል። የቀረውን ፍሳሽ በቬቲቨር ሣር መስክ ላይ ማሳለፍም ይቻላል። ቬቲቨርን ከመልኮው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ማሳዎች ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የምናውቀው ሣር ነው። የሕዝብ ገንዘብ እዚህ ላይ ሊገባ የሚችለው ለትንንሾቹ ማኅበራት በብድር መልክ ነው እንጂ በስጦታ አይደለም።

በተዳፋቱ ላይ ያለውን ሰው መርሳት

ኦሞ ናዳ ውስጥ በአንድ ቀበሌ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች፣ የወረዳ ባለሙያዎች፣ የአንድ ድርጅት ተወካይ አሉ። የሚከለለው ተዳፋት በካርታ ታየ፣ የሚተከለው ተነገረ። በዕድሜ የገፉ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና በአፋን ኦሮሞ፣ «ልጆቼ፣ ኮረብታው እንዲያርፍ እኔም እፈልጋለሁ፤ አባቴ በነበረበት ጊዜ ጫካ ነበር። ግን የእኔ ሁለት ላሞች የት ይዋሉ? ይህንን የጻፋችሁበት ወረቀት አለ?» አሉ።

«ኦቦ፣ እሱን በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን» አላቸው አንዱ ባለሙያ።

በሚቀጥለው ክረምት አጥሩ ተነቅሎ ከብት ገብቶበት አገኘነው። ጥፋቱን በሽማግሌው ላይ ያደረገ ሪፖርትም ተጻፈ።

ለላሞቹ መልስ ነበረው። ከተከለለው ቦታ ሣር እያጨዱ ወደ ቤት መውሰድ፣ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ የሚባለውን የመኖ ሣር መትከል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መኖ ገዝቶ መደጎም፣ ቀፎ መስጠት። የጅማ ሰው ማር ማን አስተምሮት! ይህ ሁሉ ወጪ ከችግኙ ጋር እኩል በበጀቱ መግባት አለበት። የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ ውል ይፈርም፤ የጋራ ግጦሽ ከሆነ ቀበሌው ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚዎቹ በሙሉ ተሰብስበው ይስማሙ። ሴቶቹም ይጠየቁ፤ እንጨቱንና ውሃውን የሚያመላልሱት እነርሱ ናቸውና ምን እንደሚጠፋባቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው በተፋሰስ ዘመቻ ለሳምንታት ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል። በመግባቢያ ሰነዶቻችን ላይ ግን አዋጪ ተብለው የሚጻፉት ኩባንያውና መንግሥት ብቻ ናቸው። የሥራ ቀኑ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ተባዝቶ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ያዋጣው ገበሬው ሆኖ ይገኛል። በፈንዱ ቦርድ ላይ ወንበር ሲሰጠውም እንደ ውለታ አይቆጠርበትም።

የበጀት ዘመኑን ከዝናቡ ጋር አለማስታረቅ

የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል። ችግኝ ግን ለክረምት እንዲደርስ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ አፈር መሙላት፣ ዘር ማፍላት፣ ጥበቃ መቅጠር ይጠይቃል። ገንዘቡ ተጓትቶ መጋቢት ሲለቀቅ ችግኝ ጣቢያው የሚያገኘውን ቶሎ የሚበቅል ያፈላል፤ እርሱም ባሕር ዛፍ ነው። ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብሳና የፈለገ ሰው ቀድሞ መክፈል አለበት። ሰኔ ላይ ደግሞ የተረፈው ብር ተመላሽ እንዳይሆን ይጣደፋሉ፤ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ የታቀፈ የድንጋይ ክትር፣ በጭቃ ውስጥ ይታሰራል፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ውሃው በጎኑ ቆርጦት ይሄዳል። ከኢንዱስትሪ የሚመጣው ገንዘብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በሰኔ 30 አይታሰርም። ስለዚህ የግሉ ገንዘብ ለችግኝ ጣቢያና ለጥገና፣ የመንግሥቱ ደግሞ ለባለሙያ ደሞዝ፣ ለመሣሪያና ለትራንስፖርት ቢመደብ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ገንዘቡን በመጀመሪያው ዓመት መጨረስ

ክትር የሚፈተነው በሁለተኛው ክረምት ነው። የተከለለ ኮረብታ ሣሩ በአንድ ዓመት ይመጣል፤ ዛፉ ግን ዓመታት ይፈልጋል። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ሲያልቅ ጠባቂው ደሞዝ ያጣል፣ መጥረቢያም ይገባል። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የውሃ ፈንድ ስታቋቁም ዋናውን ገንዘብ አስቀምጣ በሚያስገኘው ትርፍ እንድትሠራ አድርጋ ነው፤ የከተማው ውሃ ድርጅትም ከገቢው 2 በመቶ በየጊዜው ያስገባል። እኛ ዘንድ የብር ዋጋ ስለሚወርድ ዝም ብሎ ባንክ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ከውሃና ከመብራት ሽያጭ ጋር የተያያዘ፣ ዋጋው ሲያድግ አብሮ የሚያድግ መቶኛ ይሻላል።

ወላይታ ሁምቦ ላይ የተሠራውም ትምህርት አለው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይተከል፣ የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተጠብቆ ነው። ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚሰጠው ክፍያ የሄደው ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆን፣ የተከፈለውም ያደገው ደን ተለክቶ ነው። በጅማ ተዳፋቶች ላይም ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎች ሞልተዋል። ከመትከላችን በፊት እነርሱን ብንቆጥር ብዙ ብር ይተርፋል።

ችግኝ መቁጠር፣ አፈሩን አለመለካት

«ይህን ያህል ሺህ ተተከለ» የሚለው ቁጥር ገንዘቡን ለሚከፍለው ድርጅት ምንም አይነግረውም። ኃይል አመንጪው የሚከፍለው ደለል እንዲቀንስ ነው፤ ስለዚህ ደለል ይለካ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ትንንሽ ጅረቶች ይመረጡ፣ አንደኛው የሚሠራበት፣ ሌላው ያልተሠራበት። የውሃ ከፍታ መለኪያ ዘንግ ይተከል፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ናሙና በጠርሙስ ይቀዳ፣ ተጣርቶና ደርቆ ይመዘን። ማንኛውም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የታወቀ ተቋም ነው፤ ተማሪዎቹ በየዓመቱ መስክ ይወጣሉ። መለኪያው ግን ችግኙ ከመተከሉ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀድሞ መጀመር አለበት፤ መነሻውን ያልያዘ ሰው ለውጡን ለማንም ማሳየት አይችልም። በዚህ ክረምት ስምምነት ለመፈረም የተዘጋጁ ሰዎች ካሉ፣ ፊርማው ቢቆይም ጠርሙሶቹ ግንቦት ሳያልቅ ይገዙ።