የውጭ ዲቪዲ ራይተር፦ ውስጡ ምን አለ፣ እንዴትስ ይሰካል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖረው አክስቴ የልጇን የሰርግ ቪዲዮ በፍላሽ ስሰጣት ገልበጥ አድርጋ አየችውና "ታዲያ ይሄን የት ልክተተው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዴኳ፣ ማለትም የዲቪዲ ማጫወቻዋ፣ የሚያውቀው ዲስክ ብቻ ነው። የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ዲስክ የሚገባበት ቦታ የለውም። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ራይተር፣ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ዕቃ፣ ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን አራት ባዶ ዲስክ አበላሸሁ። የአጎቴ ልጅ "አቦ፣ ዕቃው የሞተ ነው፤ መልሰው!" አለኝ። ዕቃው ግን ደህና ነበር። ኮረንቲ ነው የራበው።

ለምን እንደሚርበው ውስጡን ያየ ይገባዋል። ስስ ራይተር ማለት ድሮ ላፕቶፕ ውስጥ ይገጠም የነበረው ያው ራይተር ነው፤ ፕላስቲክ ልብስ ለብሷል እንጂ። ከኋላው ሳታ (SATA) የሚባለውን የኮምፒውተር ውስጥ መስመር ወደ ዩኤስቢ የምትቀይር ትንሽ ቦርድ ተሰክታበታለች። በቃ ይኸው ነው። ትሪውን አውጡና እዩት። መሀሉ ላይ ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተር አለ። ከጎኑ ምስር የምታክል ሌንስ አለች። ሌንሷ ከትሪው ጋር አብራ ስለምትወጣ በጣት እንዳትነኳት። ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር ቀይ ጨረር፣ ለሲዲ 780 ናኖሜትር ዓይን የማያየው ጨረር ነው የሚያልፍባት። ሲያነብ ጨረሩ ደካማ ነው። ሲጽፍ ግን ዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም በሙቀት መለወጥ ስላለበት ይበረታል። ሞተሩም እዚያው እየዞረ ነው። ረሃቡ የሚመጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ስራው።

መጀመሪያ ኬብሉን እዩ። አንዳንዱ ራይተር በላፕቶፑ በኩል ሁለት ራስ ያለው ኬብል ይዞ ይመጣል። አንዱ ትርፍ መስሎን እናስቀረዋለን። የኔም ጥፋት ይህ ነበር። ዩኤስቢ 2 በደንቡ 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው የሚሰጠው። ራይተሩ ሲነሳና ሲጽፍ ከ1 አምፔር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው ራስ የጎደለውን ይሞላል። ስለዚህ ሁለቱንም ሰኩ።

ቀጥሎ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ማከፋፈያ ላይ ከማውዝና ከፍላሽ ጋር አታጋፉት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ያለውን ቀዳዳ ምረጡ። ረጅም ማራዘሚያም ይቅር፤ ኮረንቲው መንገድ ላይ ይቀንሳል። ትሪው ወጥቶ ዲስኩ ሲገባ "ጠቅ፣ ጠቅ" እያለ ደጋግሞ የሚነሳና የሚቆም ከሆነ፣ ዕቃውን ከመስደባችሁ በፊት ኬብልና ቀዳዳ ቀይሩ።

ትልቁ ዓይነት ራይተር የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር አለው። እሱን አስቀድማችሁ ሰኩ። ከቤት የተገኘ ሌላ አዳፕተር ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ አይሞከርም፤ ቮልቱ ከበለጠ ቦርዷ ትቃጠላለች።

ሻጭ "ይሄኛው ዩኤስቢ 3 ነው፣ ይፈጥናል" ካላችሁ ፈገግ በሉ። ስስ ራይተር ዲቪዲ የሚጽፈው ቢበዛ በ8 እጥፍ (8x በሚባለው ፍጥነት) ነው። ይህ በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ለዚህ ዩኤስቢ 2 ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ከተሰካ በኋላ ዲስኩን መሀሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ "ጠቅ" እስኪል አስገቡ። ቪዲዮውን ከፍላሽ ወደ ላፕቶፑ አስቀድማችሁ ገልብጡት። አንዱ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ግን 4.38 ብሎ ነው የሚያሳያችሁ። ፍጥነቱን 4 እጥፍ ላይ አድርጉ፤ እኔ ከዚያ በላይ አልሄድም። አሮጌ ዴክ ኤምፒፎር ላይገባው ስለሚችል በፕሮግራሙ ላይ "ዳታ" ሳይሆን "ዲቪዲ ቪዲዮ" የሚለውን ምረጡ። መጨረሻ ላይ "ፋይናላይዝ" የሚል ካለ እሺ በሉት። ያልተዘጋ ዲስክ ብዙ ዴክ አያነብም።

ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። ዴስክቶፕ ከሆነ መሀል ላይ መብራት ሄደ ማለት ዲስኩም ሄደ ማለት ነው። ደግሞ የድሬን ሙቀት አትርሱ። አንዱን ዲስኬን ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስሄድ ባጃጁ መስታወት ስር ፀሐይ ላይ ረሳሁት። ሳነሳው ተጣሞ እንደ እንጀራ ጠርዝ ብድግ ብሏል። እንዲህ ያለውን ራይተሩ ውስጥ አታስገቡ።

ትሪው አልወጣ ካለ ገመዱን ንቀሉ። ፊት ለፊቱ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ፤ ትሪው ትንሽ ብቅ ይላል፣ የቀረውን በእጅ ሳቡት።

አክስቴ ዲስኩን ባለፈው እሁድ አየችው። አሁን ለጎረቤቶቿ ሦስት ቅጂ አዝዛኛለች።