ቀይ ጨርቅ በሩ ላይ ሲታሰር፦ ጊኒ ፒጎችን በቤት ውስጥ በሰላም ማንሸራሸር

ሐዋሳ ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን፣ ልብስ እሰፋለሁ። በዚያው ሳሎን ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች፣ ማለትም ጅራት አልባ፣ ሣር በል የሆኑ ትንንሽ ለማዳ እንስሳት፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከጎጇቸው ወጥተው ይንሸራሸራሉ። ስማቸውን ያገኙት ከጠጉራቸው ነው፤ ቀላ ያለችውን ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ቦቃ አልኋቸው። መርፌ፣ መቀስና የጋለ ካውያ ባለበት ቤት እንዲህ ያሉ ትንንሽ እንስሳትን መልቀቅ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጊኒ ፒግ ሮጦ ካልዋለ ይወፍራል፣ ይደበራል። ዳማ ከጎጆዋ ወጥታ ደስ ሲላት እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ባለችበት ወደ ላይ ትዘላለች። ያንን ያየ ሰው መልሶ ሊዘጋባት አይችልም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ቤቱ ነው።

ከመልቀቃችሁ በፊት ወለሉ ላይ በሆዳችሁ ተኙ፤ ጉንጫችሁ መሬት እስኪነካ ድረስ። ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ነገር የለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ጠርጌ ቤቱ ጸዳ ብዬ ነበር፤ ተኝቼ ሳይ ግን ከስፌት መኪናዬ ፔዳል ሥር ሰባት ስፒል፣ አንድ ቁልፍና ክንድ የሚያህል ክር አገኘሁ። ጊኒ ፒግ የዋጠውን ማስመለስ አይችልም፤ ተፈጥሮው አይፈቅድለትም። ክር አንጀት ውስጥ ከተጠመጠመ ጉዳዩ የሞት ጉዳይ ነው። አሁን ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በገመድ አስሬ ወለሉን አዳርሳለሁ፤ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ የክሩን ብጣሽ እለቅማለሁ። ፔዳሉንም እንዳይንቀሳቀስ ከመኪናው እግር ጋር አስረዋለሁ። የካውያው ገመድ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ይጠቀለላል፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ካውያው ራሱ ሊወድቅባቸው ይችላል።

ቀጥሎ ቀዳዳዎችን ተመልከቱ። የእኔ መለኪያ ሦስት ጣት ነው። ሦስት ጣቶቼ ጎን ለጎን የገቡበትን ክፍተት ሁሉ እዘጋለሁ፤ ግልገል ላለው ሰው ደግሞ ሁለት ጣትም ይበዛል። የፍሪጅ ጀርባ፣ የቡፌና የቁም ሣጥን ሥር፣ በምድጃና በግድግዳ መካከል ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ በብጣሽ ጨርቅ ወትፌ ነበር፤ ቦቃ በአንድ ማታ ጎትታ አወጣችው፣ ጫፉንም በላችው። አሁን የምጠቀመው ጣውላና ጡብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሶፋን ፍሩ። አንድ ቀን ቦቃ ሶፋው ሥር ስትገባ አየኋት፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን የለችም። የሶፋው ሆድ የተሸፈነበት ስስ ጨርቅ በአንድ ጥግ ተቀዶ ኖሯል። በዚያው ሰዓት ቀሚሳቸውን ሊለኩ የመጡ ደንበኛዬ ሊቀመጡ ዝቅ ሲሉ «እባክዎ አይቀመጡ!» ብዬ ጮኽሁ። እሳቸውም ደንግጠው ቀሩ። ለሁለት ሶፋውን ቀስ አድርገን አጋደልነው፤ ቦቃ በሁለት ሞላዎች መካከል ቁጭ ብላ ነበር። ያን ማታ የሶፋውን ሆድ በድርብ ሸራና በጆንያ መስፊያ መርፌ ዙሪያውን ሰፋሁት። ከፍራሽ በታች ያለውንም ጨርቅ እንዲሁ መርምሩ።

የኤሌክትሪክ ገመድን በተመለከተ «የእኔዎቹ አይነክሱም» የሚል ሰው ገና አላየባቸው ይሆናል። የጊኒ ፒግ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ስለዚህ መንከስ ግድ ነው። በቤታችን የሚመጣው ደግሞ 220 ቮልት ነው። ገመዱን ከወለል አንሡት፤ የማይነሣውን ግድግዳ ውስጥ በሚቀበረው ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። በምትኩ የሚነክሱት ነገር ስጧቸው፦ ድርቆሽ ሁልጊዜ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት የፖም እንጨት ከተገኘም እሱን።

የአይጥ መርዝ ያለበት ቤት ጊኒ ፒግ መሬት ላይ አይለቀቅም። «ፍሪጅ ጀርባ ነው ያስቀመጥሁት» ማለት መልስ አይሆንም፤ ፍሪጅ ጀርባ እነሱ ከሁሉ ቀድመው የሚሄዱበት ቦታ ነው። የበረሮ ዱቄትም እንደዚያው። ወለሉ በበረኪና ከታጠበ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ እስኪደርቅ ይቆዩ።

ስለ ወለሉ ራሱ፦ የእኔ ቤት ሊሾ ነው። ሲሮጡ እግራቸው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ በጠንካራ ወለል ላይ ብቻ የሚውል እንስሳ ውስጥ እግሩም ይቆስላል። አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ ግን ክሩ የተመዘዘውን አይሁን፤ ጥፍራቸው ይያዝበታል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ፈጽሞ አታስቀምጧቸው። ጊኒ ፒግ እንደ ድመት አይደለም፤ ከአልጋ ቢወድቅ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ልጆች ማቀፍ ሲፈልጉ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከኋላ እግሮቹ ሥር አድርገው ይያዙ።

ዘራቸው ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ዱር ያሉት ዘመዶቻቸው በሣር ውስጥ በተበጀ ጠባብ መንገድ ነው የሚሮጡት፤ ገላጣ ቦታ ያስፈራቸዋል። የእኔዎቹም ሳሎኑን በመሐል አያቋርጡም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳሉ። ስለዚህ በየአንድ ሜትሩ መደበቂያ አኑሩላቸው። ሽቦና ፕላስተሩ የተነቀለ ካርቶን ይበቃል፤ ነገር ግን ሁለት በር ይኑረው፣ አንዷ ሌላዋን ጥግ ላይ እንዳታስጨንቃት። እኔ ቤት የሚወዱት አፉ የተሸረፈ እንስራ ነው። የተሸረፈውን ጠርዝ በድንጋይ አለስልሼ በጎኑ አጋድሜዋለሁ። በየካቲትና በመጋቢት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና ቆርቆሮው ሲግል፣ ሸክላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ለእነሱ የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለው ነው፤ ስለዚህ በነዚያ ወራት የምለቃቸው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓትና ማታ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ብቻ ነው። ተዘርግታ ተኝታ በፍጥነት የምትተነፍስ፣ አፏ የረጠበ ካገኛችሁ ሙቀት መትቷታል፤ ወደ ጥላ አንሥታችሁ ጆሮዋንና እግሯን ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ አብርዱ፣ የበረዶ ውኃ አታፍስሱባት፣ ወዲያውም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ቡና ሲፈላ ጎጇቸው ውስጥ ይሁኑ። ይህ ለእኔ ድርድር የሌለው ነገር ነው። ፍሙ፣ የፈላው ጀበና፣ የዕጣኑ ጢስ ሁሉ መሬት ላይ ነው፤ ሳንባቸው ደግሞ ለጢስ ደካማ ነው። ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ያዩት እንደሆነ ግብዣ ነው የሚመስላቸው። ከገበያ የመጣ ቄጠማ ከየት እንደታጨደ፣ ምን እንደፈሰሰበት ስለማላውቅ አላስበላም። የወደቀ ፈንዲሻም ይጠረግ፤ ገለባው ድዳቸው ላይ ይሰካል።

የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ከወጥ ቤት ወለል ይለቀም። በኛ አገር አቮካዶ እንደ ልብ ነው፤ ለእነሱ ግን ፍሬውም ቅጠሉም መርዝ ነው። በረንዳ ላይ በማሰሮ የተተከለ ቁልቋል፣ እሬት፣ በተለይም ጉሎ ካለ ከመንገዳቸው ይራቅ። የሚገባቸውን ደግሞ አትንፈጓቸው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በገላው መሥራት አይችልም፤ በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለበት። ትልቁ የማያቃጥለው ቃሪያ ወይም ትንሽ ቁራሽ ዘይቱን ለዚህ ያገለግላል።

አሁን ወደ ሰዎች ልምጣ፤ እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። በኛ አገር ሰው ሳይነግር ይመጣል፤ ይህም ደግ ነገር ነው። ግን በሩን ገፍቶ ሲገባ ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ አያውቅም። ጊኒ ፒግን የማያውቅ ሰው ደግሞ አይጥ ነው ብሎ ያስባል። አንዲት ጎረቤቴ ዳማን ኮሪደር ላይ አይታ መጥረጊያ አንሥታ ነበር፤ እጇን የያዝሁት በመጨረሻው ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ቀዩን ጨርቅ ጀመርሁ። እነሱ መሬት ላይ ሲሆኑ በውጭ በኩል በበሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ትርጉሙን አውቋል፤ ልጆቹ ጨርቁን ካዩ አንኳኩተው ይጠብቃሉ። ቤት ውስጥ ያለነው ደግሞ እግራችንን ሳናነሣ እየጎተትን እንሄዳለን፣ ወንበር ከመሳባችን በፊት ሥሩን እናያለን።

በረንዳውን ጣሪያና ሽቦ ከሌለው ተዉት። የሐዋሳ ሰማይ ባዶ አይደለም። ሐይቁ ዳር የዓሣ ቁራጭ የለመደ ጭልፊት የሰው እጅ ላይ ያለውን ሳይቀር ይነጥቃል፤ ጦጣዎችም በአጥር ላይ ይመላለሳሉ። ድመት ያላችሁም ብትሆኑ፣ የቱንም ያህል ለማዳ ብትሆን፣ አብራችሁ አትልቀቁ።

ከሽርሽር በኋላ አንዷ ለግማሽ ቀን ምግብ እንቢ ካለች አትጠብቁ፤ የጊኒ ፒግ አንጀት ሥራ ካቆመ ቶሎ ይገድለዋል። ከቤት መድኃኒት ሣጥን አሞክሲሲሊን ወይም ሌላ የፔኒሲሊን ዘር አንሥታችሁ እንዳትሰጡ አደራ እላለሁ። ለእኛ የሚያድነን መድኃኒት የእነሱን ምግብ የሚያብላላውን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድላቸው ይችላል። ለሐኪሙም ጊኒ ፒግ መሆኗን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለመመለስ ደግሞ አታሳድዷቸው። አንድ ጊዜ የተሳደደ ጊኒ ፒግ በሚቀጥለው ቀን ከእጃችሁ ይሸሻል። የእኔዎቹ ከሁለት ሳምንት ልምምድ በኋላ የላስቲክ ከረጢት ድምፅ ሲሰሙ እየጮኹ ይመጣሉ፤ ቃሪያው የሚቀርብላቸው ጎጆው ውስጥ ብቻ ስለሆነ ራሳቸው ይገባሉ። ያኔ አንድ፣ ሁለት ብዬ በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ፤ በዓይን ብቻ ቆጥሬ ካርቶን ውስጥ የተኛችውን ረስቼ አውቃለሁ። መወርወሪያውን እዘጋለሁ፣ የውኃ ጠርሙሳቸው እንደሚያንጠባጥብ በጣቴ እሞክራለሁ፣ ፔዳሉን እፈታለሁ። በመጨረሻም ወጥቼ ቀዩን ጨርቅ ከበሩ አወርዳለሁ።