ብሩክሳይድ ጋርደንስን በፎል እንዴት እንደምትጎበኙ

ብሩክሳይድ ጋርደንስ ሜሪላንድ ዊተን ውስጥ ያለ የሕዝብ የአትክልት ስፍራ ነው። ስፋቱ 50 ኤከር ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ቅርብ ነው። እኔ ከሁሉም ወቅት ፎሉን፣ ቅጠሉ ቀለም ቀይሮ የሚረግፍበትን ጊዜ፣ እወደዋለሁ።

መጀመሪያ ሳምንቱን ምረጡ። እዚህ አካባቢ ቅጠሉ በደንብ የሚደምቀው ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ በእኛ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ማለት ነው። ቢጫው ቀለም ሰመሩን ሙሉ ቅጠሉ ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴው ሲከስም ይገለጣል። ቀዩን ግን ዛፉ እንደ አዲስ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ሳምንት ካለፈ ቀዩ ስለሚደምቅ ቶሎ ሂዱ።

ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ብርሃኑም ለስላሳ ነው፣ ሰውም አይበዛም። ጃኬት ያዙ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያስባለው ብርድ እዚህም አለ። ውሻችሁን ቤት ተዉት፣ አይፈቀድም።

ስትገቡ ሁሉንም ላዳርስ አትበሉ። ቀጥታ ወደ ኩሬዎቹና ወደ ጃፓን የሻይ ቤቱ ውረዱ። የጃፓን ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ስታገኙ ከሩቅ ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ። ሥሩ ቁሙና ቀና በሉ፤ ፀሐዩ ከላይ ሲመታው ቅጠሉ ፍም ይመስላል። ከመሬት አንድ ቅጠል አንሱና ወደ ብርሃን ያዙት። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ቀልቶ፣ የቅጠሉ ደም ሥሮች ዳር ዳር ገና አረንጓዴ ነው። ከዛፉ ላይ ግን አትቀንጥሱ።

ጓሮ ካላችሁ ተክሎቹ አጠገብ የተተከሉትን የስም ጽሑፎች አንብቡ። ቦታው በዚህ አየር ምን እንደሚበቅል ማሳያም ነው። የወደዳችሁትን ተክል ፎቶ ስታነሱ ስሙንም አንሱ፤ ችግኝ መሸጫ ሄዶ «ያቺ ቀይዋ» ማለት አያዋጣም።

ከአገር ቤት የመጣች እናት ካለቻችሁ ይዛችኋት ሂዱ። የእኔዋ ቢጫ ክሪሳንተመም ላይ ጎንበስ ብላ «አደይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም፣ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ አንድ አበባ የምትመስለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው ነው።

ምሳ ከያዛችሁ አጠገቡ ወዳለው ዊተን ፓርክ ተሻገሩ። ጠረጴዛዎቹ እዚያ ናቸው።