ኳሷ ተነካች፤ አሁንስ?

በጅማ ፑል ቤቶች የማያከራክር ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሁለት ጠረጴዛ አለኝ። ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል፤ ሲጣሉ ዳኛዋ እኔው ነኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ «ማዘር፣ ነካ!» «ማዘር ሙች፣ አልነካሁም!» ይጀመራል። የምፈርድበትን እዚህ ልጻፈውና ልረፍ። መሠረቱ ዓለም አቀፉ የፑል ሕግ ነው እንጂ የራሴ ፈጠራ አይደለም።

ብሬክ (የመክፈቻው ምት) ከመመታቱ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ። ዳኛ ቆሞ በሚያጫውትበት ውድድር የትኛዋንም ኳስ በእጅ፣ በልብስ ወይም በስቲክ (በመምቻው ዘንግ) አጉል መንካት ፋውል ነው። ዳኛ በሌለበት ግን «ፋውል የሚሆነው ነጯ (በስቲክ የምትመታዋ ኳስ) ስትነካ ብቻ ነው» ብሎ መጫወት ይፈቀዳል። እኔ ቤት በሁለተኛው ነው የሚኬደው። መሃል ላይ «እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም» የሚል ሰው አልሰማም። የቆጪ ሕግ፣ የመርካቶ ሕግ፣ የግቢ ተማሪዎች ሕግ፤ ስንቱን ልቻለው!

ነጯ ላይ ቀልድ የለም። ልትመታ እያነጣጠርክ የስቲኩ ጫፍ ለአመል ያህል ነካ ካደረጋት ፋውል ነው። «አልተንቀሳቀሰችም እኮ» አያድንህም። ጃኬትህ ቢነካትም ያው ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሰዉ የረጠበ ጃኬቱን እንደለበሰ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፤ ያ እጅጌ ስንት ኳስ ጠርጓል! አውልቀህ ወንበር ላይ ጣለው። የጠረጴዛዬ ጨርቅም ይተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ሌላ ኳስ ስትነቃነቅ። እንበል 11ን ልትመታ ነው። 6 መሃል ላይ ስላለች ግራ እጅህን በእሷ ላይ አሻግረህ ጣቶችህን ጨርቁ ላይ ተክለሃል። ትንሿ ጣትህ 6ን ነካቻትና ፈቀቅ አለች። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ይቅርታ» ይልና በጣቱ ገፋ አድርጎ ይመልሳታል። ቅንነት ይመስላል፤ ግን ትክክል አይደለም። እጅህን አንሳ። ቀና በል። ተጋጣሚህን ጥራው። ምርጫው የእሱ ነው፤ «ትመለስ» ሊል ይችላል፣ «እዚያው ትሁን» ሊልም ይችላል። ትመለስ ካለ ሁለታችሁም በተስማማችሁበት ቦታ ትቀመጣለች። ዝም ብለህ ሳትጠይቀው ብትመታ ግን ፋውል ነው፤ ነጯን ለእሱ ታስረክባለህ።

ለምን የእሱ ምርጫ ሆነ ለሚለኝ፦ ፈቀቅ ያለችው ኳስ ላንተ መንገድ ከፍታልህ ሊሆን ይችላል። የእሱን ኳስ ከቀዳዳ አፍ አርቀህበትም ሊሆን ይችላል። የጎዳኸው እሱን ስለሆነ እሱ ይወስን።

ምርጫ የሌለበት አጋጣሚም አለ። እየመታህ ሳለ 6ን ነካህ እንበል። ነጯ ወይም ሌላ ኳስ 6 በነበረችበት ቦታ ላይ ካለፈች፣ ወይም 6 ራሷ ሄዳ ሌላ ኳስ ከነካች ውጤቱ ተቀይሯል። እዚያ ላይ ድርድር የለም፤ ፋውል ነው።

ቦታዋ ጠፋን ለምትሉ፣ ጠርዙ ላይ ያሉትን ነጥቦች ተጠቀሙ። «ከዚህ ነጥብ ፊት ለፊት፣ ከጠርዙ አንድ ኳስ ያህል ርቃ ነበር» ማለት «እዚህ ጋ ነበረች፣ አይደለም እዚያ ጋ» ከማለት ይሻላል።

ማንም ሳይነካት የምትሄድ ኳስም አለች። አንደኛው ጠረጴዛዬ ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ያዘነብላል፤ ወለሉ ነው፣ አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ኳስ ራሷ ተንከባላ ከቆመች እዚያው ትተዋለች። ቀዳዳ አፍ ላይ ተንጠልጥላ የወደቀች ከሆነ በሰከንድ ነው የምንቆጥረው። 5 ሰከንድ ሳይሞላ ከወደቀች እንደገባች ትቆጠራለች። 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቀጥ ብላ ቆማ ከወደቀች ተመልሳ ቦታዋ ትቀመጣለች። ጠረጴዛውን በጉልበት መግፋት ግን «ራሷ ወደቀች» አይባልም። አይቻችኋለሁ።

መብራት ድርግም ካለ፣ ወይም ከጀርባህ የሚያልፍ ሰው ክርንህን ከመታህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ምቱን ካበላሸው ኳሶቹ እንደነበሩ ተመልሰው ድጋሚ ትመታለህ። ምቱን ካልነካው የተነቃነቀው ብቻ ይመለስና ይቀጥላል።

በጣም የሚያጨቃጭቀኝ ግን ሁለቴ መምታት ነው። ነጯ ከምትመታት ኳስ ጋር ተጠጋግታ፣ ክፍተቱ ከአንድ ቾክ (የስቲክ ጫፍ የሚቀባበት ጠመኔ) ውፍረት ሲያንስ፣ ስቲኩ ነጯን ደግሞ ያገኛታል። በዓይን አይያዝም። እኔ ነጯን ነው የማየው። ፊት ለፊት መትተህ ነጯ ኳሷን ተከትላ ከግማሽ ኳስ በላይ ወደፊት ከሮጠች ሁለቴ መትተሃል። ስቲኩን ወደ ጎን አዘንብለህ ኳሷን በስሱ ከነካሃት አብዛኛውን ጊዜ ትድናለህ። እንዲህ ያለ ምት ሲመጣ ከመመታቱ በፊት ሦስተኛ ሰው ጥሩ። ከተመታ በኋላ እኔን ከባንኮኒ ጀርባ መጥራት ዋጋ የለውም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። የራስህን ኳስ ሳትነካ በፊት የሌላውን ከነካህ ፋውል። ነጯ ከገባች ፋውል። ኳስ ከተነካች በኋላ ምንም ካልገባና አንዲትም ኳስ ጠርዝ ካልነካች ፋውል። ሁለቱም እግሮችህ ከወለል ከተነሱ ፋውል፤ አጭር ነኝ ማለት አይሠራም። ኳስ ከጠረጴዛ ከወጣች ፋውል። ባጃጅ ስር የገባችም ትለቀማለች፤ በ8 ኳስ ጨዋታ ግን እንደገባች ተቆጥራ ውጭ ትቀራለች። ጥቁሯ (8 ቁጥር) ከወጣች ጨዋታው አለቀ፣ ተሸንፈሃል። ጥቁሯን አስገብተህ ነጯም አብራ ከገባች ያው ነው። ጥቁሯን ስተህ ነጯ ብቻ ከገባች ግን ፋውል ብቻ ነው፤ «ተሸነፍክ፣ ክፈል» የሚልህን አትስማው።

ፋውል ሲሠራ ተጋጣሚ ነጯን በእጁ አንስቶ የፈለገበት ያስቀምጣል። በብሬክ ላይ ከገባች ግን ብሬክ ከሚመታበት መስመር ኋላ ነው የምትቀመጠው። ሲያስቀምጥም ይጠንቀቅ፤ በእጁ ያለችው ነጭ ሌላ ኳስ ከነካች ፋውሉ ወደ እሱ ዞረ።

የምትለውን ነገር ደግሞ ሳይመሽ በለው። ቀጣዩ ምት ከተመታ ያለፈው ፋውል የለም። ሂሳብ ላይ ስትደርሱ «ያኔ ነክተህ ነበር» ብትሉኝ፣ ሂሳቡን ተቀብዬ ቀጣዮቹን እጠራለሁ።