የልጅ ብስክሌት ይዞ መብረር፦ ከዳለስ እስከ ቦሌ

ለክረምት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ የልጁን ብስክሌት ለመያዝ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ክብደቱ ነው። ክብደቱ ግን ብዙም አያሳስብም። ተራ የብረት ባለ 16 ኢንች ብስክሌት ከ8 እስከ 10 ኪሎ፣ ባለ 20 ኢንች ደግሞ ከ11 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው። ቼክ ኢን ላይ ገንዘብ የሚያስወጣው መጠኑ ነው፤ የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ከዚህ ካለፈ ሻንጣው 12 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም ከመጠን በላይ ተብሎ ይከፈልበታል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ብስክሌቱን እዚህ ልክ ውስጥ ማስገባት ነው። ሜትር ሳትይዙ ምንም አትፍቱ።

የራሱ ትኬትና ወንበር ያለው ልጅ እንደ አዋቂ የራሱ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ብስክሌቱ በልጁ ድርሻ ቢሄድ የእናት የአባት ሻንጣ አይነካም። ትኬቱ ላይ ስንት ሻንጣ እንደተጻፈ ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ርካሽ ትኬት አንድ ሻንጣ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ከዴንቨር ወይም ከሲያትል ተነስታችሁ ዳለስ፣ ማለትም የዋሽንግተን ዲሲው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነና ሁለቱን በረራዎች ለየብቻ ከገዛችሁ፣ ሁለት የሻንጣ ደንብ አለባችሁ ማለት ነው። ጠበቅ ያለውን ተከተሉ።

በእጅ ይዞ መግባት ይቻላል?

የሚቻለው በአንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ፔዳል በሌለው፣ ልጁ በእግሩ እየገፋ በሚሄድበት ባለ 12 ኢንች። ክብደቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ጎማው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእጅ ሻንጣ ልክ በብዙ አየር መንገዶች 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ክብደት የሚገድቡት ብዙውን ጊዜ 7 ኪሎ ይላሉ። ሁለቱን ጎማዎች፣ መሪውን፣ ኮርቻውንና የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ከፈታችሁ በኋላ የሚቀረውን ቴላዮ፣ ማለትም የብስክሌቱን ዋና አካል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ከ53 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለስላሳ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከበለጠ ሐሳቡን ተዉትና ወደ ሻንጣ መደብ አስገቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ብስክሌት እንደ ልጅ ጋሪ ቆጥሮ እስከ አውሮፕላኑ በር እየገፋ ለመሄድ ሲያስብ ነው። ጋሪና የመኪና የልጅ ወንበር በነፃ ይሄዳሉ፤ ብስክሌት ግን በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። በር ላይ ያለው ሠራተኛ እሺ ሊል ይችላል፣ እምቢ ካለ ግን ያለ ማሸጊያ፣ ያለ ካርቶን ወደ ዕቃ ክፍል ይወረወራል። በዚህ ዕድል ላይ አትተማመኑ።

መፍቻ ቁልፎችን በእጅ ቦርሳ አትያዙ። በአሜሪካ ፍተሻ ከ7 ኢንች፣ ማለትም ከ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሣሪያ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የፔዳል ቁልፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። የሚረጭ ዘይትና በጋዝ የተሞላ የጎማ መንፊያም በየትኛውም ሻንጣ አትክተቱ። ብስክሌቱ በባትሪ የሚሄድ ከሆነ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ዋት ሰዓት እዩ፦ እስከ 100 ድረስ ፈትታችሁ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጓዝም።

በካርቶን ወይስ በሻንጣ?

አዲስ ገዝታችሁ የምትወስዱ ከሆነ አትገጣጥሙት። ፋብሪካው ያሸገበትን ካርቶን ለኩ። የባለ 16 ኢንች ካርቶን ብዙ ጊዜ 158 ውስጥ ይገባል፤ የባለ 20 ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ከመነሳታችሁ በፊት ካርቶኑን ከፍታችሁ ፔዳሉ፣ ዳዶውና ቡሎኑ መኖሩን ቁጠሩ። አዲስ አበባ ደርሳችሁ አንድ ቡሎን ቢጎድል ልኩን ፍለጋ ፒያሳና መርካቶ መዞር ይመጣል።

ለተነዳ ብስክሌት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የብስክሌት ሱቅ ሄዶ ባዶ ካርቶን መለመን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ። ትልቅ ከሆነ ቆርጣችሁ አሳጥሩት። የኋላ ጎማው ሳይፈታ፣ የፊቱ ብቻ ወጥቶ፣ ባለ 16 ኢንቹ 88 በ48 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይተኛል፤ ድምሩ 156 ነው። ሁለተኛው መንገድ ተራ ትልቅ ሻንጣ ነው፣ 75 በ50 በ33። እኛ ሻንጣውን እንመርጣለን። ጎማ ስላለው ይጎተታል፣ ዝናብ አያርሰውም፣ ብስክሌት መሆኑ ስለማይታይ ቼክ ኢን ላይ ጥያቄ አያስነሳም። ዋጋው ሁለቱንም ጎማዎች መፍታት ነው። ሻንጣውን ስትለኩ የሻንጣውን እግርና እጀታ ጨምሩ፤ መለኪያው እነሱንም ይቆጥራል።

ለባለ 20 ኢንች አንድ ብልሃት አለ። ጎማው በነፋስ ሲሞላ ከዳር እስከ ዳር 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 50 ስፋት ያለው ሻንጣ ውስጥ ይጣበቃል። ላስቲኩንና ካላማዳሪያውን ከቸርኬው ካወጣችሁ ግን የሚቀረው ቸርኬ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ላስቲኩም ተጣጥፎ ጥግ ይይዛል። ባለ 24 ኢንችን ግን በዚህ መንገድ ለማስገባት መታገል አያዋጣም፤ ለከመጠን በላይ የሚጠየቀውን ዋጋ አየር መንገዱን አስቀድሞ ጠይቆ መወሰን ይሻላል።

አፈታቱ

መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱ፦ የፊት ሹካውን ከፊት፣ የኋላ ጎማውን ከሁለቱም ጎን፣ የፍሬን ሽቦው የሚያልፍበትን። የሚያስፈልጉት 15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያሉ ባለስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ አለን የሚባሉት፣ አንድ ካቻቢቴና የፕላስቲክ ማሰሪያ ናቸው።

ፔዳሉ ላይ ብዙ ብስክሌት ይበላሻል። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን ተቃራኒ ነው። ግራ እንዳይገባችሁ ይህን ያዙ፦ ቁልፉን ወደ ላይ አቁማችሁ ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ ስትገፉት ሁለቱም ይፈታሉ፣ ወደ ፊት ጎማ ስትገፉት ሁለቱም ይጠብቃሉ። ፔዳሎቹ ላይ የቀኝና የግራ ምልክት አለ። መልሳችሁ ስትገጥሙ በቁልፍ አትጀምሩ፤ በጣት ቢያንስ ሦስት ዙር ግቡ። በጣት ካልገባ ጠምሟል ወይም ጎኑ ተለዋውጧል። ፔዳሉ የሚገጠምበት ክንድ አሉሚኒየም ከሆነ የፔዳሉ ብረት የክንዱን ጥርስ በአንድ ግፊት ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ክንዱን መለወጥ ነው።

መሪው ሁለት ዓይነት ነው። በአሮጌውና በርካሹ ላይ መሪው የተተከለበት ዘንግ ሹካው ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ያለውን ቡሎን ሦስት አራት ዙር ብቻ አላሉ፣ ጨርቅ አድርጋችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ከዚያ መሪውን ሳቡ። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ ካወጣችሁት ከታች ያለው ሽብልቅ ሹካው ውስጥ ይቀራል። በሌላው ዓይነት ግን ከፊት ያሉትን ቡሎኖች ፈትታችሁ መሪውን ብቻ አንሱ፤ ላዩ ላይ ያለውን ክዳንና የጎን ቡሎኖቹን አትንኩ፤ ከተፈቱ ሹካው ከኳሶቹ ጋር ይወርዳል። ሽቦዎቹን አትፍቱ፤ መሪው በሽቦው ተንጠልጥሎ ከቴላዮው ጎን ይታሰር።

የፊት ጎማውን ስታወጡ ዳዶው ሥር ያለችውን ጥርስ ያላት ቀለበት ልብ በሉ። ያቺ ቀለበት ሹካው ላይ ባለ ቀዳዳ ገብታ ዳዶ ቢላላ እንኳን ጎማው እንዳይወጣ ትይዛለች። ዳዶዎቹን መልሳችሁ አክሰሉ ላይ አጥብቁ፣ አይጠፉም። ባዶው ሹካ መሃል ጎማው የነበረበትን ልክ የሚያህል እንጨት አስገብታችሁ እሰሩ። ሹካ ያለ ድጋፍ ሲሄድ አንድ ከባድ ሻንጣ ላዩ ላይ ከወደቀ ይጠብባል፣ ጎማውም አይገባም።

የኋላ ጎማ ላይ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ካለ፣ በአሜሪካ የልጆች ብስክሌት ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ከጎማው መሃል ወጥቶ ቴላዮው ላይ በትንሽ ቡሎን የታሰረ ክንድ ታያላችሁ። መጀመሪያ እሱን ፍቱ። ሲገጠም ይህ ክንድ ካልታሰረ ልጁ ፍሬን ሲረግጥ አክሰሉ ራሱ ይዞራል፣ ዳዶው ይላላል፣ ፍሬኑም አይዝም።

ነፋሱን በተመለከተ፦ ዕቃ ክፍሉ እንደ መንገደኛው ክፍል ግፊቱ የተጠበቀ ነው። ግፊቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ያለ ቦታን ይመስላል፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ልዩነት በ35 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ ላይ የሚጨመረው 3 ወይም 4 ብቻ ስለሆነ ጎማው በአየር ላይ አይፈነዳም። ቢሆንም ብዙ አየር መንገድ እንዲተነፍስ ይጠይቃል። ግማሹን አስተንፍሱ፤ ላስቲኩ ቸርኬው ላይ ካለ ሙሉ በሙሉ ባዶ አታድርጉት፣ ቸርኬውን ከምት የሚጠብቀው የቀረው ነፋስ ነው።

አስተሻሸጉ

የአክሰል ጫፎች ሻንጣ ይበሳሉ። ካርቶን አጣጥፋችሁ ወይም የቴኒስ ኳስ ሰንጥቃችሁ አልብሷቸው። ካቴናውን በአሮጌ ጨርቅና በፌስታል ጠቅልሉ። ልብስ ለመደገፊያ መጠቀም ጥሩ ነው፣ ቦታም ይቆጥባል፤ ነጠላና ቀሚስ ግን ከካቴናው አጠገብ አይደረግም፣ የካቴና ቅባት ከነጭ ጥጥ አይለቅም። ትንንሹን ዕቃ ሁሉ በአንድ ቦርሳ አድርጋችሁ ቴላዮው ላይ እሰሩት። ካርቶን ሥሩ ከተቀደደ መጀመሪያ የሚወድቀው ያልታሰረ ቡሎን ነው። ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ ጨምሩ። የልጆች ብስክሌት ማስነፊያው በአብዛኛው እንደ መኪና ጎማ ስለሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል፤ የባለ 12ና የባለ 14 ኢንች ካላማዳሪያ ግን ሰፈር ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

የአሜሪካ ፍተሻ ሻንጣውን ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ያሸጋችሁበትን ፎቶ አትማችሁ ላዩ ላይ አድርጉ፣ ለካርቶን ደግሞ ግማሽ ጥቅል ፕላስተር ውስጥ አስቀምጡ። ስምና ስልክ በውጭም በውስጥም ጻፉ። ክብደቱን ቤት መዝኑ፤ ባዶ ሻንጣ ራሱ 4 እና 5 ኪሎ ይበላል።

ቦሌ ስትደርሱ ካርቶን ከሆነ በተራው ቀበቶ ላይ ላይወጣ ስለሚችል ትልልቅ ዕቃ የሚወጣበትን ቦታም እዩ። ከአዳራሹ ሳትወጡ ክፈቱት። ሹካ ከተጣመመ ወይም ቸርኬ ከጎበጠ እዚያው የጉዳት ሪፖርት አስሞሉ፣ የሻንጣውን መለያ ወረቀትም አትጣሉ። የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛው በረራ ላይ ለጉዳት በጽሑፍ ማመልከቻ ያለው ጊዜ ሻንጣው ከተረከበበት 7 ቀን ነው።

ሲገጣጠም የሚረሳው

ሹካ ወደ ኋላ ዞሮ መገጠም ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። የሹካው ጫፍ ወደ ፊት ይጎነበሳል፣ የፊት ፍሬኑም ከፊት ለፊት ይሆናል። የመሪው ዘንግና የኮርቻው ቱቦ ላይ የተቀረጸ የመጨረሻ መስመር አለ፤ መስመሩ ከታየ በቂ አልገባም። የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሃል ይዛችሁ መሪውን አጠማዝዙት፤ መሪው ብቻውን ከዞረ አልጠበቀም።

ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መጫወት አለበት። ከጠበቀ ፔዳሉ ይከብዳል። ከላላ ካቴናው ይወርዳል፣ በእግር ፍሬን ላይ ደግሞ ካቴና ከወረደ ፍሬኑም አብሮ ሄደ፤ በአዲስ አበባ ቁልቁለት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ከመውጣቱ በፊት እናንተ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ ርገጡ፣ የኋላ ጎማው መቆለፍ አለበት።

ኮብልስቶን ዳዶ ያላላል። በመጀመሪያው ቀን ማታ የሁለቱን ጎማዎች ዳዶ፣ የመሪውን ቡሎንና የፍሬኑን ክንድ እንደገና አጥብቁ፣ ከሳምንት በኋላም ድገሙት። ካርቶኑን ለመመለሻ አስቀምጡ። በመመለሻው ቀን ቦሌ ላይ ሻንጣ ገና ወደ አዳራሹ ሲገባ በማሽን ስለሚታይ ፕላስተሩን በእጃችሁ ያዙ፣ 15 ቁጥሩን ቁልፍ ግን ከብስክሌቱ ጋር እሰሩት።